የአንድ ፕሮቲን ጉድለትና ያልተለካው ትንፋሽ፦ የአልፋ-1 አንቲትሪፕሲን ጥናቶች ከቡሹሎ አንጻር ሲመዘኑ

በሕክምና ትምህርት ውስጥ ስማቸው ከሚያጠቁት ሰው ቁጥር እጅግ የገዘፈ በሽታዎች አሉ። በውርስ የሚመጣው የአልፋ-1 አንቲትሪፕሲን ጉድለት ከእነዚህ አንዱ ነው። ማንኛውም የሕክምና ተማሪ፣ በአዲስ አበባም ይሁን በጎንደር፣ በጅማም ይሁን በሐዋሳ፣ ሲጋራ ሳያጨስ ገና በወጣትነቱ የታችኛው የሳንባው ክፍል በኤምፊዜማ የተጎዳ ታካሚ በፈተና ወረቀት ላይ ሲቀርብለት የዚህን ፕሮቲን ስም ያለማመንታት ይጽፋል። ያው ተማሪ ተመርቆ በጤና ተቋም ሲመደብ ግን በሥራ ዘመኑ ሁሉ አንድም እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ላያጋጥመው ይችላል። በየዕለቱ የሚገጥሙት ሳንባቸው በሌላ ምክንያት የደከመ ሰዎች ናቸው፤ ስለ እነርሱ መማሪያ መጽሐፉ የሚነግረው ጥቂት ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ስለዚህ የፕሮቲን ጉድለትና ስለሚያስከትለው የረጅም ጊዜ የሳንባ አቅም መዳከም ካለፉት ስድሳ ዓመታት ወዲህ ከታተሙት ጥናቶች ዋና ዋናዎቹን መመዘን፣ ጥንካሬያቸውንና ድክመታቸውን መለየት፣ በመጨረሻም በቡሹሎ ለሚሠራ የጤና ባለሙያ ምን እንደሚፈይዱ ማመልከት ነው። ቡሹሎ በሐዋሳ ከተማ በሐይቁ አቅራቢያ የምትገኝ ስትሆን፣ በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሥር ያለው የጤና ተቋሟ በዓለም አቀፍ የሳንባ ነቀርሳ ጥናቶች ውስጥ ስሙ የተመዘገበ ነው። ስለዚህ ከቡሹሎ ሆኖ የስዊድንን ወይም የአሜሪካን ጥናት መመርመር ከዳር ቆሞ መመልከት አይደለም፤ ለዓለም ዕውቀት ድርሻውን ካዋጣ ቦታ ሆኖ መጠየቅ ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ግኝቱና ያስተማረው

እ.ኤ.አ. በ1963 ካርል-በርቲል ላውሬልና ስቴን ኤሪክሰን የተባሉ ስዊድናውያን በማልሞ ከተማ የሕሙማንን የደም ፕሮቲን በኤሌክትሮፎሬሲስ ዘዴ ሲመረምሩ፣ በአምስት ሰዎች ወረቀት ላይ መታየት የነበረበት አንድ መስመር ጠፍቶ አገኙ። ከአምስቱ ሦስቱ የሳንባ ሕመምተኞች ነበሩ። ከዚህ ትንሽ አስተውሎት ተነስቶ የተገነባው ዕውቀት የሚያስደንቅ ነው። ነጭ የደም ሕዋሳት ተሕዋስያንን ለመዋጋት ኢላስቴዝ የተባለ ኢንዛይም ያመነጫሉ፤ ይህ ኢንዛይም ካልተገታ የሳንባን የአየር ከረጢቶች ግድግዳ ራሱን ይበላል። የሚገታው በጉበት ተሠርቶ በደም የሚሰራጨው አልፋ-1 አንቲትሪፕሲን ነው። ዜድ የተባለው የዘረ መል ለውጥ በፕሮቲኑ 342ኛ ቦታ ላይ ግሉታሚክ አሲድን በላይሲን ይተካዋል። በዚህ አንድ ለውጥ ምክንያት ፕሮቲኑ እርስ በርሱ እየተቆላለፈ በጉበት ውስጥ ታጉሮ ይቀራል። ጉበት በትርፉ፣ ሳንባ በእጦቱ ይታመማሉ።

የግኝቱ ትልቁ ፍሬ ግን ከዚህ ከጠባቡ በሽታ ያለፈ ነው። ኤምፊዜማ በአጥፊና በተከላካይ ኃይሎች ሚዛን መዛባት ሊመጣ እንደሚችል፣ ሲጋራም ይህንኑ ሚዛን በማናጋት እንደሚጎዳ የሚገልጸው አስተሳሰብ የተወለደው ከእነዚህ ጥቂት ሕሙማን ነው። ጥቂቶች የብዙኃኑን ሕመም ለማስረዳት በቅተዋል። ለዚህ ጥናቶቹ ምስጋና ይገባቸዋል።

የመነሻው ነጥብ ችግር፦ ማን ተለካ?

የመጀመሪያው ሂስ የሚያተኩረው በተለኩት ሰዎች ማንነት ላይ ነው። በዚህ ጉድለት ላይ ከቀረቡት መረጃዎች አብዛኞቹ የመጡት ታመው ወደ ሐኪም ከሄዱ ሰዎች ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ውጤቱ የታተመው የአሜሪካ ብሔራዊ የልብ፣ የሳንባና የደም ተቋም መዝገብ 1,129 ሰዎችን የያዘ ሲሆን፣ ከእነዚህ 927ቱ የሳንባ አቅማቸው ከአንድ ጊዜ በላይ ተለክቷል። በመጀመሪያዋ ሰከንድ በኃይል የሚወጣው የአየር መጠን በዓመት በአማካይ በ54 ሚሊ ሊትር ቀንሷል። በዝርዝሩ ሲታይ በሚያጨሱት 109፣ ማጨስ ባቆሙት 54፣ አጭሰው በማያውቁት ደግሞ 67 ሚሊ ሊትር ነበር።

አንባቢ እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባዋል። አጭሰው የማያውቁ ሰዎች አጭሰው ካቆሙት የበለጠ ሳንባ ያጣሉን? እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመው፣ 608 ሰዎችን የተከታተለው የፒቱላይነንና የኤሪክሰን የስዊድን ጥናትም ተመሳሳይ ቅደም ተከተል አሳይቷል፤ አጭሰው በማያውቁት 47፣ ባቆሙት 41፣ በሚያጨሱት 70 ሚሊ ሊትር። ይህን ቁጥር እንዳለ የወሰደ ሰው ሲጋራን አጭሶ ማቆም ጨርሶ ካለማጨስ ይሻላል ወደሚል አስቂኝ ድምዳሜ ይደርሳል። ማብራሪያው ቀላል ነው። ያቆሙት ሰዎች መለካት ሲጀምሩ አብዛኛውን ሳንባቸውን አስቀድመው አጥተዋል፤ ጥቂት የቀረው ሰው የሚያጣውም በሚሊ ሊትር ሲቆጠር ጥቂት ነው። ሳያጨሱ መዝገብ ውስጥ የገቡት ደግሞ በአብዛኛው ስለታመሙ የገቡ ናቸው፤ ሳያጨሱ ጤነኛ ሆነው የቀሩት ወደ መዝገቡ የሚመጡበት ምክንያት የላቸውም። ቁጥሩ ትክክል ሆኖ ሳለ የሚነግረን ታሪክ የተዛባ ሊሆን እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

ይህን መዛባት በከፍተኛ ደረጃ ያስወገደው የስዊድን የአራስ ሕፃናት ጥናት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1972 እስከ 1974 ድረስ 200,000 አራስ ሕፃናት ተመርምረው ከፍተኛ ጉድለት ያለባቸው 127 ተገኙ፤ ይኸውም ከ1,600 ሕፃናት አንድ ገደማ ማለት ነው። እነዚህ ሕፃናት ታመው የመጡ አልነበሩም፤ እንዲሁ ተወልደው የተገኙ ነበሩ። ለአቅመ አዋቂ ደርሰው በ37 እና በ40 ዓመት ዕድሜ መካከል ሲመረመሩ፣ ያልተጠበቀው የሳንባ በሽታ ምልክት ጎልቶ የታየው በሚያጨሱት ላይ ነበር። በመዝገብ የተሰበሰቡት ሕሙማን የሳሉት የጨለመ ሥዕል ለዘረ መሉ ተሸካሚዎች ሁሉ የማይሠራ መሆኑ ከዚህ ተረጋገጠ።

ይህ ጥናት ሌላም ትምህርት አለው። ምርመራው በወላጆች ላይ ባሳደረው ጭንቀት ምክንያት እንዲቆም ተደርጓል፤ ሆኖም በሕፃንነታቸው ጉድለቱ የታወቀላቸው ሰዎች ሲያድጉ ከእኩዮቻቸው ያነሰ ማጨሳቸው ታይቷል። ዕውቀቱ ያስጨነቀውን ያህል አድኗልም። ምርመራ በሰው ሕይወት ላይ የሚያመጣውን ጉዳትና ጥቅም መመዘን የሚቻለው እንዲህ በትዕግሥት አርባ ዓመት ሲከታተሉት ብቻ ነው። በአገራችን አዲስ ምርመራ በዘመቻ ሲታወጅ ከአንድ ዓመት በኋላ ምን እንዳስከተለ የሚጠይቅ ማነው?

የመለኪያው ችግር፦ ምን ተለካ?

ሁለተኛው ሂስ መድኃኒቱን ይመለከታል። የጎደለውን ፕሮቲን ከሰዎች ደም አጣርቶ በየሳምንቱ በደም ሥር መስጠት በአሜሪካ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። ፈቃዱ የተሰጠው በደምና በሳንባ ውስጥ ያለው የፕሮቲን መጠን ከፍ ማለቱ ስለታየ እንጂ፣ ሕሙማኑ የተሻለ መተንፈሳቸው ወይም ረዘም ያለ ዕድሜ መኖራቸው ስለተረጋገጠ አልነበረም። ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ መልሱ ቀድሞ የተነገረለትን ጥያቄ የማስረገጥ ጥረት ሆኖ ይነበባል።

እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ ጥናት መድኃኒቱን የሚወስዱ 198 ጀርመናውያንን ከማይወስዱ 97 ዴንማርካውያን ጋር አነጻጽሮ ዓመታዊው የመቀነስ መጠን 53 እና 75 ሚሊ ሊትር መሆኑን ዘገበ። ልዩነቱ ዓይን የሚስብ ቢሆንም፣ በሁለት አገሮች መካከል ከመድኃኒቱ ሌላ የሚለያየው ብዙ ነው። ከላይ የተጠቀሰው የአሜሪካ መዝገብም በአጠቃላይ ልዩነት አላገኘም፤ ልዩነት የታየው የሳንባ አቅማቸው ከሚጠበቀው ከ35 እስከ 49 በመቶ በነበረው ሰዎች ላይ ብቻ ሲሆን፣ በሚወስዱት 66፣ በማይወስዱት 93 ሚሊ ሊትር ነበር። በዕጣ የተመደቡ ሕሙማንን ያሳተፈው የዴንማርክና የኔዘርላንድስ ጥናት እ.ኤ.አ. በ1999 ሲታተም 56 ሰዎችን ለሦስት ዓመታት ተከታትሎ በትንፋሽ መለኪያ ልዩነት አላገኘም። በሲቲ ስካን የታየው የሳንባ እፍጋት መቀነስ ግን ወደ መድኃኒቱ ያደላ ነበር።

በዚህ ጊዜ መለኪያው ራሱ ተቀየረ። እ.ኤ.አ. በ2015 ላንሴት ላይ የታተመው ራፒድ የተባለው ጥናት 180 ሰዎችን በ13 አገሮች ለሁለት ዓመታት ተከታትሎ ሳንባ በአየር በተሞላበት ጊዜ የተለካው እፍጋት መድኃኒቱን በወሰዱት ላይ በዓመት በሊትር በ1.45 ግራም፣ ባልወሰዱት ላይ በ2.19 ግራም መቀነሱን አሳየ። ይሁን እንጂ አየር በተሞላበትና በተለመደው እስትንፋስ መጨረሻ የተወሰዱት ሁለቱ ልኬቶች በአንድነት ሲታዩ ልዩነቱ ከስታቲስቲክስ ድንበሩ በጥቂቱ ወጣ። በሚነፋው አየር መጠንም ሆነ በሕሙማኑ የኑሮ ምቾት መግለጫ ላይ ልዩነት አልታየም።

ፍርዱ ሚዛናዊ መሆን አለበት። የትንፋሽ መለኪያ ሸካራ መሣሪያ ነው፤ እንዲህ ባለ ብርቅ በሽታ ልዩነት ለማሳየት ብዙ መቶ ሕሙማንን ለብዙ ዓመታት መከታተል ይጠይቃል፤ ስለዚህ ተመራማሪዎቹ የተሻለ የሚያይ መሣሪያ መፈለጋቸው ነውር አይደለም። የሳንባ ሥጋ መጥፋቱ መዘግየቱም እውነተኛ ውጤት ነው። ነገር ግን በሥዕል ላይ የዘገየው ጥፋት በታካሚው ደረጃ መውጣት፣ በእንቅልፉ፣ በሥራው ላይ ምን እንደለወጠ ገና በበቂ ሳይመለስ፣ በአሜሪካ ለአንድ ሰው በዓመት ከ100,000 ዶላር በላይ ሊደርስ የሚችል ወጪ መጠየቁ ሊሰመርበት ይገባል። ታካሚ የሚኖረው በትንፋሹ ነው፤ በፊልሙ ላይ አይደለም።

የሚጠበቀው መጠን የማን ነው?

ሦስተኛው ሂስ እነዚህን ጥናቶች ብቻ ሳይሆን የሳንባ ልኬትን ሁሉ ይመለከታል። የአንድ ሰው ሳንባ ደክሟል የሚባለው ከሌላ ጤነኛ ሰው ጋር ሲነጻጸር ነው። ያ ጤነኛ ሰው ማነው? ለብዙ አሥርት ዓመታት የጥቁር ሰው ሳንባ በተፈጥሮው አነስተኛ ነው በሚል የሚጠበቀው መጠን በዘር እየተቀነሰ ሲሰላ ኖሯል። በድህነት፣ በጭስና በምግብ እጥረት የተጎዳው ሳንባ በዚህ ስሌት ጤነኛ ተብሎ ያልፍ ነበር። የአሜሪካ የደረት ሕክምና ማኅበር ዘርን ከስሌቱ ማውጣትን የደገፈው እ.ኤ.አ. በ2023 ነው።

ኢትዮጵያ በዚህ ረገድ ባዶ እጇን አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1969 የታተመው የሃሪሰንና የባልደረቦቹ ጥናት በሰሜን ተራሮች አካባቢ በደባርቅና በአዲ አርቃይ የሚኖሩትን ሰዎች በማነጻጸር የመሬት ከፍታ በሰውነት ላይ የሚያሳድረውን ተጽዕኖ መርምሯል። እ.ኤ.አ. በ1985 ደግሞ መንገሻና መኮንን ሲጋራ የማያጨሱ ጤነኛ ኢትዮጵያውያን ወንዶችና ሴቶችን የትንፋሽ ልኬት ቶራክስ በተባለው የእንግሊዝ መጽሔት ላይ አሳትመዋል። የራሳችንን ጤነኛ ሰው ለመግለጽ የተደረገው ይህ ሥራ አርባ ዓመት አልፎታል። በእርሱ ላይ ሊገነባ የሚገባው ግንብ ግን እጅግ ዝቅተኛ ሆኖ ቀርቷል፤ ምክንያቱም ሰውን አንድ ጊዜ መለካት እንጂ ያንኑ ሰው ደጋግሞ መለካት ልማድ አልሆነም። የስዊድንን ሥራ ታላቅ ያደረገው መሣሪያው አልነበረም፤ ያንኑ ሰው ደግሞ ደጋግሞ መጥራቱ ነው።

እዚህ ላይ እ.ኤ.አ. በ2015 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን የታተመውን የላንገንና የባልደረቦቹን ሥራ መጨመር ያስፈልጋል። በዚህ ሥራ መሠረት ሥር የሰደደ የአየር ቧንቧ መጥበብ ካገኛቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉ ሳንባቸው በፍጥነት የቀነሰ አልነበረም፤ ከመነሻው ሙሉ መጠኑን ሳያገኝ የቀረ ነው። የአልፋ-1 ጥናቶች ትኩረታቸውን ሁሉ በቁልቁለቱ ላይ ሲያደርጉ የተራራውን ከፍታ ሳይለኩ አልፈዋል። በልጅነቱ በምግብ እጥረትና በሳንባ ምች ለተጎዳ ሕፃን ግን ወሳኙ ጉዳይ ከፍታው ነው።

ቡሹሎ፦ አክታው ተቆጥሯል፣ ትንፋሹስ?

በቡሹሎ ስለ ሳንባ የተሠራው ሥራ የሚያኮራ ነው። ለብዙ ዓመታት በሳንባ ነቀርሳ የተጠረጠረ ሰው አክታውን ለመስጠት በተለያዩ ቀናት እንዲመላለስ ይገደድ ነበር፤ የመጓጓዣና የምግብ ወጪ ያልቻለው በመሐል ይቀራል። ኢትዮጵያ፣ ናይጄሪያ፣ ኔፓልና የመን የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2011 ፕሎስ ሜዲስን ላይ የታተመው ጥናት ናሙናዎቹን በአንድ ቀን መውሰድ በሁለት ቀን ከመውሰድ እንደማያንስ አረጋገጠ። ከኢትዮጵያ የተሳተፈው ቡሹሎ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅትም በዚያው ዓመት የአንድ ቀን ምርመራን የሚደግፍ የፖሊሲ መግለጫ አወጣ።

ይህንን ተከትሎ በዚያን ጊዜ ዞን በነበረችውና ከ2020 ወዲህ ክልል በሆነችው ሲዳማ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት እየሄዱ ሳል ያለባቸውን ሰዎች እንዲለዩ ተደረገ። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመው ዘገባ እንደሚያስረዳው፣ ከጥቅምት 2010 እስከ ታኅሣሥ 2011 ባለው ጊዜ ምልክት ያለባቸው 49,857 ሰዎች ተለይተዋል፤ ከእነዚህ 60 በመቶው ሴቶች ነበሩ። በአክታቸው ተሕዋስ የታየባቸው 2,262 ናቸው፤ ይህም 4.5 በመቶ ነው። የተመዘገቡት አዳዲስ ሕሙማን ቁጥር ከ100,000 ሕዝብ ከ64 ወደ 127 ከፍ አለ፤ ሕክምናቸውን በተሳካ ሁኔታ የሚጨርሱትም ጨመሩ። ይህ በሕይወት የሚለካ ስኬት ነው።

ሂሱ የሚጀምረው ከዚህ ስኬት ወዲያ ነው። ከ49,857 ላይ 2,262 ሲቀነስ 47,595 ይቀራል። እነዚህ ሰዎች ሳል ነበረባቸው፤ አክታቸው ግን ተሕዋስ አላሳየም። ከፊሎቹ አክታቸው ያልገለጠው የሳንባ ነቀርሳ ሊኖርባቸው ይችላል፤ ከፊሎቹ አስም፣ ከፊሎቹ የአየር ቧንቧ መጥበብ፣ ከፊሎቹ ቀድሞ ታክሞ የዳነ ነቀርሳ የተወው ጠባሳ፣ ከፊሎቹም የጉንፋን ሳል ብቻ። ዘገባው የነቀርሳ ዘገባ በመሆኑ ይህን ሁሉ እንዲመልስ መጠበቅ ፍትሐዊ አይሆንም። ጥያቄው የሚቀርበው ለጤና አገልግሎቱ ነው፤ ውጤቱ ነጻ ነው ተብሎ የተሰናበተው ሰው በምን ተሰናበተ? የሚያስለው ሰው ነቀርሳ የለብህም መባሉ መልስ አይሆነውም፤ ምን እንዳለበት አልተነገረውምና።

ከተለዩት ሰዎች ብዙዎቹ ሴቶች መሆናቸውም ሊታለፍ አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው ዓለም አቀፍ የትምባሆ ጥናት በኢትዮጵያ ትምባሆ የሚጠቀሙ ሴቶች 1.8 በመቶ ብቻ መሆናቸውን አሳይቷል። በአንጻሩ ከአሥር ቤተሰብ ዘጠኝ ያህሉ ምግብ የሚያበስለው በእንጨት፣ በከሰል፣ በኩበትና በመሳሰሉት ነው። መማሪያ መጽሐፉ የማታጨስ ሴት ሳንባ ሲደክም ወደ ብርቅ ፕሮቲን ያመለክታል፤ የቡሹሎ ባለሙያ ግን ዓይኑን ወደ ምድጃው ቢያዞር ይሻለዋል። ይህ ሲባል ጉድለቱ በአፍሪካ ፈጽሞ የለም ማለት አይደለም። ከዜድ ሌላ ብዙ የዘረ መል ለውጦች አሉ፤ ለአውሮፓውያን በተመረጡት ለውጦች ላይ ብቻ የተወሰነ ምርመራ ሌሎቹን ሊስት ይችላል። ጉዳዩ የቅደም ተከተል ነው።

ነቀርሳው የተገኘባቸውና ድነዋል የተባሉትስ? እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመው የደቡብ አፍሪካ ጥናት 27,660 የወርቅ ማዕድን ሠራተኞችን መርምሮ አንድ ጊዜ ነቀርሳ ከያዛቸው 18.4 በመቶ፣ ሁለት ጊዜ ከያዛቸው 27.1 በመቶ፣ ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ ከያዛቸው 35.2 በመቶ የሚሆኑት ላይ ሥር የሰደደ የሳንባ አቅም ጉድለት አግኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2020 ከማላዊ ብላንታየር የወጣው ጥናት ደግሞ ሕክምናቸውን ከጨረሱ 405 ሰዎች ከሦስቱ በአንዱ ገደማ የትንፋሽ ልኬቱ ጤናማ እንዳልነበረ ዘግቧል። በሌላ አነጋገር በመዝገብ ላይ ድኗል ተብሎ ስሙ ከሚዘጋው ሰው ብዙው ከግማሽ መንገድ የተመለሰ ሳንባ ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ሲያስለው ተመልሶ ይመጣል፤ የቀድሞ ታሪኩ ሲታይም በሽታው አገረሸ ተብሎ የነቀርሳ መድኃኒት ዳግመኛ ሊጀመርለት ይችላል። ያልተለካ ትንፋሽ ዋጋ የሚያስከፍለው በዚህ ነው፤ ታካሚው የማይፈልገውን መድኃኒት ለወራት ይውጣል፣ የሚፈልገውን የሚሳብ መድኃኒት ግን አያገኝም።

ሊነሱ የሚችሉ ተቃውሞዎች

በዚህ ሐሳብ ላይ ሁለት ተቃውሞዎች ሊቀርቡ ይችላሉ። የመጀመሪያው ነቀርሳ ገዳይ ሆኖ ሳለ ስለ ትንፋሽ ልኬት ማውራት ቅንጦት ነው የሚለው ነው። ይህ ተቃውሞ ክብደት ቢኖረውም ሁለቱን ነገሮች ተቀናቃኝ ያደርጋቸዋል። ሰውየው አንድ ነው፣ ሳንባውም አንድ ነው፣ የመጣበት ጤና ተቋምም ያው ነው። አክታውን ለመቀበል የተዘረጋው ሰንሰለት፣ የኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ፣ መዝገቡ፣ ቀጠሮው፣ ሁሉም አስቀድሞ አለ። ከስድስት ወር ሕክምና መጨረሻ ላይ አንድ ልኬት መጨመር አዲስ ፕሮግራም መመሥረት አይደለም።

ሁለተኛው መሣሪያውና ባለሙያው የለም የሚለው ነው። ስፓይሮሜትር በእርግጥ ሥልጠናና ጥገና ይፈልጋል፤ በትክክል ያልተነፋበት ልኬት ካለመለካት ይብሳል። ሆኖም የዓለም ጤና ድርጅት ለመጀመሪያ ደረጃ ጤና ተቋማት ባዘጋጀው ተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎች መመሪያ ውስጥ ርካሹና ባትሪ የማይፈልገው የከፍተኛ ትንፋሽ መለኪያ ቱቦ ከሚያስፈልጉ መሣሪያዎች ተርታ ይገኛል። ቱቦው ስፓይሮሜትርን አይተካም፤ ነገር ግን አስምን ለመጠርጠርና የአንድን ሰው ለውጥ ለመከታተል ይጠቅማል። ባለሙያን በተመለከተም እ.ኤ.አ. በ2013 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሳንባ ሕክምና የንዑስ ስፔሻሊቲ ሥልጠና ተጀምሮ ሐኪሞች ተመርቀውበታል። የቀረው ይህ ዕውቀት ከሪፈራል ሆስፒታል ወደ ጤና ጣቢያ የሚወርድበት መንገድ ነው።

ማጠቃለያ

የአልፋ-1 አንቲትሪፕሲን ጥናቶች በሦስት ነገሮች ይተቻሉ። የታመመውን ብቻ ቆጥረው ስለ ሁሉም ተናግረዋል፤ የትንፋሹ መልስ አልመች ሲል ወደ ሥዕሉ ዞረዋል፤ የመቀነሱን ፍጥነት ሲለኩ የመነሻውን ከፍታ ረስተዋል። ከእነዚህ የመጀመሪያውን የስዊድን የአራስ ሕፃናት ጥናት ራሱ ስላረመው፣ የዘርፉ ትልቅነት ስሕተቱን በትዕግሥት ማረም መቻሉ ነው።

ለኢትዮጵያዊው የጤና ባለሙያ የሚቀረው ትምህርት መድኃኒቱን መመኘት ወይም የፕሮቲኑን ስም ለፈተና መሸምደድ መሆን የለበትም። በማልሞ አንድ ጠፍቶ የተገኘ መስመር ስድሳ ዓመት ሙሉ ሰዎችን ያለማቋረጥ አስጠርቶ አስለክቷል። በቡሹሎ ዙሪያ ደግሞ አክታቸው ነጻ የተባለ 47,595 ሰዎች በአንድ ዘገባ ውስጥ ተቆጥረዋል፤ ሳንባቸው ግን አልተቆጠረም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ እነዚህ ሰዎች ግን አልደበቁም። ሳላቸውን በደጃፋቸው ለመጣችው ሠራተኛ ተናግረዋል፣ አክታቸውንም ሰጥተዋል። የሕክምና ትምህርት ቤቶች ከነቀርሳ በኋላ ስለሚቀረው የሳንባ ጉዳት ቢያንስ ስለ ብርቁ ፕሮቲን የሚሰጡትን ያህል ሰዓት ቢሰጡ፣ የነቀርሳ መዝገብም «ድኗል» ከሚለው ቃል አጠገብ ለአንድ የትንፋሽ ቁጥር የሚሆን ዓምድ ቢኖረው፣ ቡሹሎ በአክታ ምርመራ ለዓለም ያበረከተችውን በትንፋሽም የማትደግምበት ምክንያት አይኖርም።